አንድ ረሃብ፣ ሁለት ደብዳቤ

በ1845 መስከረም ላይ የአየርላንድ ገበሬ ማልዶ ወደ ማሳው ሲወርድ ከሁሉ አስቀድሞ የተቀበለው ሽታ ነው። ሲመሽ ለምለም የነበረው የድንች ቅጠል ምች እንደመታው ሁሉ አድሮ ጠቁሯል። አፈሩን ጫር ጫር አድርጎ ድንቹን ሲያወጣ ጣቱ ላይ የሚቀረው የሚገማ ጥቁር ዝቃጭ ነው። ደህና መስሎ ተለቅሞ ጎተራ የገባውም በሳምንቱ እዚያው ይበሰብሳል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ምን እንደመታው የሚያውቅ አልነበረም። አንዱ ዝናቡን፣ ሌላው መብረቁን ወነጀለ። በማግስቱ ዓመት ማይልስ በርክሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስና የሻጋታ ተመራማሪ፣ ድንቹን የሚገድለው በዓይን የማይታይ ሻጋታ መሰል ነገር እንደሆነ ጻፈ፤ ያመነው ግን ጥቂት ሰው ነው። ነገሩ በሳይንስ እስኪረጋገጥ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል።

ምክንያቱ ያልታወቀ መከራ ባዶውን አይቀመጥም፤ ሰው ጥፋተኛ ይፈልግለታል። የምተርከው የዚያን ፍለጋ ታሪክ ነው። «ጥፋቱ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ የለጋሹን እጅ እንዴት እንደዘጋ በአንድ አገር፣ በአንድ ረሃብ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ በቁጥር ይታያል።

ሳይወድቅ የተሳለ ምሳር

በ1841 በተደረገው ቆጠራ አየርላንድ 8.2 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ነበራት። ከዚያ ውስጥ 3 ሚሊዮን የሚሆነው ከድንች ሌላ ይህ ነው የሚባል ምግብ አልነበረውም። ይህ የሆነው ወዶ አይደለም። መሬቱ የባለርስት ነው፤ ከባለርስቶቹም ብዙዎቹ የሚኖሩት እንግሊዝ አገር ነበር። ጭሰኛው ያመረተው ስንዴና አጃ፣ ያረባው ከብት ለመሬቱ ኪራይ ይሄዳል። ለራሱ የሚተርፈው ጥግ ላይ ያለች ቁራጭ መሬት ብቻ ናት። በዚያች ቁራጭ መሬት ቤተሰብ ሙሉ ሊያጠግብ የሚችል አዝርዕት ድንች ብቻ ነበር።

ከባሕሩ ማዶ ግን ነገሩ በሌላ መልክ ይወራ ነበር። ድንች የሰነፍ ሰብል ነው፤ አየርላንዳዊው በጸደይ ይተክልና እስከ መኸር ይተኛል ይባላል። ሃይማኖቱ ካቶሊክ መሆኑ፣ በለጋነቱ ማግባቱ፣ ልጅ ማብዛቱ ሁሉ ክስ ነበር። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል፤ ይህ ዛፍ ገና ሳይወድቅ ምሳሩ ተስሎ ይጠብቀው ነበር።

የመጀመሪያው ዓመት እንደምንም ታለፈ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሮበርት ፒል በ100,000 ፓውንድ በቆሎ ከአሜሪካ በምስጢር አስገዝቶ በርካሽ እንዲሸጥ አደረገ። በዚያ ዓመት በረሃብ የሞተ ሰው እምብዛም አልነበረም። ፒል ግን በ1846 ሰኔ ላይ ከሥልጣን ወረደና በምትኩ ጆን ራስል ተሾመ። የእርዳታው ሥራ ቁጥጥር በገንዘብ ሚኒስቴሩ ባለሥልጣን በቻርልስ ትሬቬልያን እጅ ጠነከረ። ትሬቬልያን ሌት ተቀን የሚሠራ ትጉህ ሰው ነበር። ችግሩ እምነቱ ላይ ነው። ረሃቡ የተሳሳተውን የአየርላንድ አኗኗር እንዲያርም ከላይ የተላከ መሆኑን ከልቡ ያምን ነበር። እንዲህ የሚያምን ሰው አብዝቶ መርዳትን ተግሣጹን እንደማበላሸት ይቆጥረዋል።

የ1846 ድንች ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ጠፋ። መንግሥት የመረጠው መፍትሔ ሥራ ሰጥቶ መክፈል ነበር፤ እኛ ምግብ ለሥራ ከምንለው ጋር ይቀራረባል። በነጻ ቢሰጠው ልመና ይለምድበታል ተባለ። እናም የተራበ ሰው በክረምቱ ብርድ ድንጋይ ሲፈልጥ፣ የትም የማያደርስ መንገድ ሲቆፍር ዋለ። እስከ 1847 መጋቢት ድረስ በዚህ ሥራ የተሰለፈው ሰው ከ700,000 በልጦ ነበር። የሚከፈለው ደመወዝ የምግቡን ዋጋ ሊደርስበት አልቻለም። ብዙዎች አካፋቸውን እንደያዙ ወደቁ።

ዳኛው ስኪበሪን ላይ ያየው

በ1846 ታኅሣሥ ኒኮላስ ከሚንስ የተባለ የኮርክ አውራጃ ዳኛ ስለ ስኪበሪን ከተማ የሚሰማው ወሬ እውነት መሆኑን በዓይኑ ለማየት ተነሣ። ሲነሣ አምስት ሰው ሊሸከመው የሚችለውን ያህል ዳቦ አስይዞ ነበር። መንደር ደርሶ ጎጆዎቹን ሲያይ ጭር ብለዋል፤ ሰው ያለባቸው አይመስሉም። ወደ አንዷ ገባ። ጥግ ላይ፣ በቆሸሸ ጭድ ላይ፣ የፈረስ ልብስ በሚመስል ቡትቶ ተሸፍነው ስድስት አጽሞች ተጋድመዋል። የሞቱ መስለውት ሲጠጋ የሚያቃስት ድምፅ ሰማ። በሕይወት አሉ። አራት ልጆች፣ አንዲት ሴት፣ አንድ ጊዜ ወንድ የነበረ ነገር፤ ሁሉም በትኩሳት ይነድዳሉ።

ከሚንስ ያየውን ጽፎ ለዌሊንግተን መስፍን ላከ። ደብዳቤው በገና ዋዜማ፣ በ1846 ታኅሣሥ 24፣ በለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ ወጣ። እንግሊዝ አገር የገና ማዕድ ሲዘጋጅ የስኪበሪኗ ጎጆ በየቤቱ ገባች።

በየካቲት ደግሞ የኮርኩ ሠዓሊ ጄምስ ማሆኒ በኢለስትሬትድ ለንደን ኒውስ ጋዜጣ ተልኮ ወደዚያው አካባቢ ወረደ። ክሎናኪልቲ ከተማ ላይ አንዲት ሴት ሠረገላውን አስቆመችው። የሞተ ልጇን ታቅፋለች። የምትለምነው እህል አልነበረም፤ የሬሳ ሣጥን መግዣ ነበር። ማሆኒ ሣላት። ያ ሥዕል በለንደን ሳሎኖች ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ልጅ የታቀፈችን እናት «ለምን ሰነፍሽ?» ብሎ የሚጠይቅ አንደበት ከየት ይመጣል?

የመጀመሪያው ደብዳቤ

እጅ ተከፈተ። በ1847 ጥር 1 ለንደን ላይ ሊዮኔል ዴ ሮትሽልድን የመሳሰሉ የባንክ ሰዎች ተሰብስበው የእንግሊዝ የእርዳታ ማኅበርን መሠረቱ። ንግሥት ቪክቶሪያ 2,000 ፓውንድ ሰጠች። በዚያው ወር በስሟ የተጻፈ የልመና ደብዳቤ በየአብያተ ክርስቲያናቱ እንዲነበብና መዋጮ እንዲሰበሰብ ታዘዘ። ይህ የመጀመሪያው ደብዳቤ ነው። ያስገባው ገንዘብ ከ170,000 ፓውንድ በላይ ነበር። ማኅበሩ በጠቅላላው ያሰባሰበው 470,000 ፓውንድ ገደማ ደርሷል።

ማኅበሩ ገንዘቡን በምዕራብ አየርላንድ እንዲያደርስ የላከው ፓቬል ስትሸሌትስኪ የተባለ ፖላንዳዊ አገር አሳሽ ነው። ደመወዝ አልቀበልም አለ። ትምህርት ቤት የመጣ ልጅ ሁሉ ይብላ የሚል ዘዴ ፈጠረና ሥራው በተስፋፋበት ጊዜ ከ200,000 በላይ ልጆች በየቀኑ ተመገቡ። ኩዌከሮች የሚባሉት ክርስቲያኖችም ደብሊን ላይ ኮሚቴ አቋቁመው፣ ትልልቅ የብረት ጋን አስመጥተው፣ በየከተማው ሾርባ ያድሉ ጀመር። ከሌሎቹ የሚለያቸው አንድ ልማድ ነበራቸው፤ ገንዘብ ከመላካቸው በፊት ራሳቸው ሄደው ያያሉ።

ከሩቅም መጣ። ሕንድ ውስጥ ካልካታ ላይ ከሁሉም ቀድመው ማዋጣት ጀምረው ነበር። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 9ኛ ከራሱ ሰጥቶ ካቶሊኮች ሁሉ እንዲረዱ ጻፈ። የኦቶማኑ ሱልጣን አብዱልመጂድ 1,000 ፓውንድ ላከ። ቦስተን ላይ ጄምስታውን የተባለች የአሜሪካ የጦር መርከብ መድፏን አውርዳ 800 ቶን ያህል እህል ጭና በ1847 መጋቢት 28 ተነሣች። በአሥራ አምስት ቀን ኮርክ ወደብ ደረሰች።

ከሁሉም ግን ልቤን የሚነካው አንድ ስጦታ ነው። በ1847 መጋቢት 23፣ ዛሬ ኦክላሆማ በሚባለው ምድር፣ ስከሊቪል በምትባል ቦታ ቾክቶ የተባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ተሰበሰቡ። ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት የአሜሪካ መንግሥት ከአያት ቅድመ አያት ርስታቸው ነቅሎ፣ በብርድና በረሃብ በእግር አስነድቶ ወደዚያ አምጥቷቸው ነበር። በመንገድ ያለቀው ወገናቸው በሺዎች ይቆጠራል። እነሱም «ያልሠለጠኑ»፣ «መሬታቸውን መጠቀም የማያውቁ» ተብለው ነበር ከርስታቸው የተባረሩት። አይተውት ለማያውቁት፣ ባሕር ማዶ ላለ ሕዝብ 170 ዶላር አዋጡ።

መጋቢት 23 እና መጋቢት 24

የቾክቶዎቹ ስብሰባ በተደረገ በማግስቱ፣ በ1847 መጋቢት 24፣ እንግሊዝ አገር የምሕላ ቀን ነበር። መንግሥት ሕዝቡ እንዲጦምና እንዲጸልይ አዘዘ። ሱቅ ተዘጋ፤ ቤተ ክርስቲያን ሞላ። ምሕላ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን በዚያ ቀን በየመድረኩ የተሰበከው ረሃቡ የእግዚአብሔር ቁጣ መሆኑ ነበር። ቁጣ ከሆነ ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ኃጢአቱ የማን ነው?» የሚል ነው። አንዳንዱ ሰባኪ «የሁላችን ነው» አለ። ሌላው ግን ጣቱን ወደ አየርላንድ ጠቆመ፤ በስንፍናቸው፣ በሃይማኖታቸው፣ በአመፃቸው የመጣ ነው አለ። ወጥቶ የሚሄደው ምእመን የሚመጸውተውን ገንዘብና የሚፈርደውን ፍርድ በአንድ ኪስ ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

በዚያ በበጋ ግን አንድ ነገር ሠራ። ፓርላማው የድንጋይ ፈለጣውን አስቁሞ በነጻ ሾርባ እንዲታደል ሕግ አውጥቶ ነበር። በ1847 ሐምሌ ላይ በየቀኑ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰው ይመገብ ነበር። ከመንገድ ሥራው ባነሰ ወጪ ብዙ ሰው ተረፈ። የሚቻል መሆኑ ታየ።

ከዚያ ሾርባው ቆመ። መኸር ደረሰ፤ ድንቹ ጤናማ ነው ተባለ። እውነት ነው፣ የተተከለው ጤናማ ነበር። የተተከለው ግን ጥቂት ነው፤ ዘሩን ሰው በልቶታል። መንግሥት ረሃቡ አበቃ አለና ሸክሙን ለአየርላንድ ባለርስቶችና ግብር ከፋዮች አሸጋገረ። ከሩብ ኤከር በላይ መሬት የያዘ ጭሰኛ መሬቱን ካልለቀቀ በቀር እርዳታ አያገኝም የሚል ሕግም ወጣ። ሰው ለአንድ ቁና ዱቄት ሲል ጎጆውን ትቶ እንዲወጣ ተገደደ። ጎጆው በማግስቱ ይፈርሳል።

ሁለተኛው ደብዳቤ

በ1847 ጥቅምት ላይ፣ ለመኸሩ ምስጋና በሚቀርብበት ሰንበት፣ በንግሥቲቱ ስም ሁለተኛ ደብዳቤ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ተነበበ። የጠያቂዋ ስም ያው፣ ሕዝቡ ያው፣ የመዋጮው ሳህንም ያው ነበር። በጥር ከ170,000 ፓውንድ በላይ ያስገባው ልመና በጥቅምት ያስገባው 30,000 ያህል ነው።

ለምን? ፍትሐዊ ለመሆን ሌሎች ምክንያቶችንም መቁጠር ይገባል። በዚያው ወር ለንደን ላይ ከባድ የገንዘብ ቀውስ ነበር፤ ባንኮችና ነጋዴዎች ይወድቁ ነበር። ሰው አንድ ጊዜ ሰጥቻለሁ ብሎ ይደክማል። ድንቹ ድኗል የሚለው ዜናም ብዙዎችን አዘናግቷል። ነገር ግን ሰዎቹ ራሳቸው «አልሰጥም» ያሉበትን ምክንያት በጋዜጣ አሳትመውታል። የታይምስ ርዕሰ አንቀጾችና በጋዜጣው የወጡት የአንባቢ ደብዳቤዎች «ገንዘብ የለንም» ከማለት ይልቅ «አይገባቸውም» ይሉ ነበር። ባለርስቶቻቸው ይክፈሉ፤ ሰጠናቸው አላመሰገኑም፤ በሰጠናቸው መጠን ስንፍናቸው ይብሳል።

ይህ ንግግር በድንገት አልመጣም። ገና በ1846 ታኅሣሥ፣ የከሚንስ ደብዳቤ ከመታተሙ በፊት፣ ፐንች የተባለው ሥዕላዊ መጽሔት አንድ አየርላንዳዊ ለጠመንጃ መግዣ ሲለምን የሚያሳይ ሥዕል አትሞ ነበር። በጥር የስኪበሪን ጎጆ ያንን ሥዕል ከሰው ዓይን ገፍታው ነበር። በጥቅምት ጎጆዋ ስትረሳ ጠመንጃው ተመልሶ መጣ። በኅዳር መጀመሪያ ደግሞ ዴኒስ ማሆን የተባለ ብዙ ጭሰኞችን ያፈናቀለ ባለርስት ሮስኮመን ውስጥ ተገደለ፤ የአንድ ገዳይ ጥይት የሚሊዮኖች ጥፋት ሆኖ ተቆጠረ።

በዚያው መኸር ጄምስ ቱክ የተባለ ወጣት ኩዌከር በኮናክት አውራጃ መንደር ለመንደር ይዞር ነበር። ያየው አመፀኛ አይደለም። ከፈረሰ ጎጆ ፍርስራሽ ሥር ጉድጓድ ምሰው የተጠለሉ ቤተሰቦችን ነው። ያየውን ጽፎ አሳተመ። ለንደን ላይ ሆኖ የሚጽፈውና ኮናክት ላይ ቆሞ የሚጽፈው ስለ አንድ ሕዝብ የሚናገሩ አይመስሉም።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ። ከጥር እስከ ጥቅምት ባሉት ዘጠኝ ወራት የአየርላንድ ገበሬ ከበፊቱ የበለጠ ሰነፍ አልሆነም። ሃይማኖቱን አልለወጠም። የተለወጠው ስለ እሱ የሚወራው ወሬ ነው። በጥር እናት ነበረች፤ በጥቅምት ጥፋተኛ ሆነች። የሚያስፈራውም ይህ ነው። ሰጪው እጁን ለመሰብሰብ ሲፈልግ የሚቸገርበት አንድ ነገር ሕሊናው ነው፤ «ጥፋቱ የራሳቸው ነው» የሚለው ቃል ሕሊናን የሚያስተኛ መድኃኒት ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ በኋላ

በ1848 መጀመሪያ ትሬቬልያን የአየርላንድ ቀውስ የሚል ጽሑፍ አሳትሞ ረሃቡን እንደ አለፈ ነገር አቀረበው። በሚያዝያ የማዕረግ ሽልማት ተሰጠውና «ሰር» ተባለ። በዚያ በጋ በሽታው ተመልሶ ድንቹን ፈጀው። በሐምሌ ደግሞ ወጣት አየርላንድ የተባለው ቡድን አነስተኛ አመፅ አነሣና በአንዲት ቀን ተበተነ። የአመፁ ትንሽነት አልታየም፤ እንግሊዝ አገር «ይህ ነው ምስጋናቸው» ተባለ።

በ1849 ኮሌራ ተጨመረ። በየካቲት ፐንች እንግሊዛዊው የቀን ሠራተኛ አየርላንዳዊውን አዝሎ ሲሄድ አሳየ፤ ታዝሎ የሚስቀው ሰውዬ 50,000 ፓውንድ የተጻፈበት ከረጢት ይዟል። በእንግሊዝ ግብር ከፋይ ፈንታ ሻል ያሉት የአየርላንድ ወረዳዎች ለተጎዱት እንዲከፍሉ ተወሰነ። አየርላንድ ውስጥ የድሆች መርጃውን ሥራ የሚመራው እንግሊዛዊ ኤድዋርድ ትዊስልተን ይህን ባየ ጊዜ ሥራውን ለቀቀ። በሰኔ ትሬቬልያን ለኩዌከሮች 100 ፓውንድ ሰጥቶ ሥራቸውን እንዲቀጥሉ ጠየቀ። እነሱም እምቢ አሉ። ሰዎቻቸው በድካምና በተስቦ አልቀው ነበር፤ ይህን የሚያክል መከራ መንግሥት እንጂ በጎ አድራጊ ሊሸከመው አይችልም ብለው በግልጽ መለሱ።

መንግሥት በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ለረሃቡ ያወጣው ከ10 ሚሊዮን ፓውንድ በታች ነው፤ አብዛኛውም በብድር። ያው መንግሥት በ1833 ባርነት ሲቀር ባሪያ ላጡ ጌቶች 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ መድቦ ነበር። ገንዘቡ አልጠፋም ነበር ማለት ነው።

በ1851 ሲቆጠር የአየርላንድ ሕዝብ 6.5 ሚሊዮን ያህል ሆኖ ተገኘ። አንድ ሚሊዮን ያህል ሞቷል፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሰዷል። አየርላንዳውያን በገዛ ቋንቋቸው ያንን ጊዜ «ክፉው ዘመን» ይሉታል። እኛም በአፄ ምኒልክ ዘመን ከብት አልቆ ሰው የረገፈበትን ጊዜ ክፉ ቀን ነው የምንለው። ሁለት ሕዝብ ሳይመካከሩ አንድ ስም አወጡ።

ኮረም

በ1976 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የኢትዮጵያ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ሚሊዮኖች ሊራቡ ነው ብሎ ለዓለም ጥሪ አቀረበ። መልሱ ዘገየ። የምዕራብ መንግሥታት ጣታቸውን ወደ ደርግ ጠቆሙ። ክሱ መሠረት አልነበረውም አይባልም። ጦርነቱ ነበር፤ በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በከፍተኛ ወጪ ሲከበር ወሎና ትግራይ ይረግፍ ነበር። ነገር ግን ክሱ የቀረበው በመንግሥት ላይ ሆኖ ሳለ ቅጣቱን የተቀበለው ኮረም ሜዳ ላይ በብርድ የሚያድረው ገበሬ ነው።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል በርክና ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚን ያነሡት ፊልም ከኮረም ወጣ። ጎህ ሲቀድ ሜዳውን የሞላው ሕዝብ፣ በነጠላ የተጠቀለለው የሕፃን ሬሳ፣ ዝም ያለው ወረፋ ታየ። ክሎናኪልቲ ላይ ልጇን የታቀፈችው እናት ከ137 ዓመት በኋላ ኮረም ላይ ተቀመጠች። ፕሬዝዳንት ሬገን ከደርግ ጋር ጠላት ሆነው ሳለ የተራበ ሕፃን ፖለቲካ አያውቅም አሉና የአሜሪካ እህል መጣ። ዘግይቶም ቢሆን ክሱና እህሉ ተለያዩ።

ያንን ፊልም ለንደን ላይ ሆኖ ያየ አንድ ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ ይባላል፤ ደብሊን አጠገብ የተወለደ አየርላንዳዊ ነው። እሱ ያስተባበረው የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ ተደረገ። በዚያ ቀን በሕዝብ ቁጥሯ ልክ ሲሰላ ከሁሉም አገር አብልጣ የሰጠችው አየርላንድ ነበረች፤ ያኔ ራሷ ድሃ የምትባል፣ ልጆቿ ሥራ ፍለጋ የሚሰደዱባት አገር ሆና ሳለ። የሕዝብ ትዝታ ምን እንደሚሠራ ከዚህ የበለጠ ምስክር አላውቅም። «ጥፋቱ የራሳችሁ ነው» የተባለ ሕዝብ ልጅ ልጆች የእኛን ጥፋት ሳይመረምሩ ሰጡን።

ዘጠኝ የብረት ላባዎች

በ2011 ሐና ዛጌፍካ የተባለች የለንደን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ጉዳዩን በጥናት ፈተሸችው። ለሰዎች ስለ አንድ ልብ ወለድ ረሃብ አስነበቡ። ለከፊሎቹ ረሃቡ የመጣው በድርቅ ነው፤ ለቀሩት በጦርነት ነው ተባለ። ጦርነት ነው የተባሉት ለመስጠት ያላቸው ፈቃድ ያነሰ ሆነ። ምክንያቱም ሲጠና ተጎጂዎቹን ይበልጥ ጥፋተኛ አድርገው ማየታቸው፣ ራሳቸውን ለመርዳት አይጥሩም ብለው ማሰባቸው ነው። አንባቢ ልብ ይበል፤ ሰው ሠራሽ መሆኑ ብቻ በተራበው ላይ ጥላ ለመጣል በቃ።

በ2017 አየርላንድ ውስጥ ኮርክ አውራጃ፣ ሚድልተን ከተማ ላይ ለቾክቶ ሕዝብ የቆመ መታሰቢያ ተመረቀ። ከሰው ቁመት ብዙ እጥፍ የሚረዝሙ ዘጠኝ የብረት ላባዎች በክብ ተተክለው ባዶ ሳህን ይሠራሉ። በ2020 በኮቪድ ጊዜ የናቫሆና የሆፒ ነባር ሕዝቦች ሲጠቁ፣ ብዙ አየርላንዳውያን ከ173 ዓመት በፊት የተዋጣውን 170 ዶላር እያስታወሱ ገንዘብ ላኩ። ቾክቶ አይደላችሁም ያላቸው የለም።

እኔም ራሴን ስመረምር ያው ሚዛን በእጄ አለ። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ዓይነ ስውሩ አባት እጅ ላይ ሳላመነታ እጥላለሁ። አጠገባቸው ላለው ጎረምሳ ግን «ሥራ ለምን አትሠራም?» እላለሁ። በድርቅ ለተፈናቀለ ዱቄት ስናዋጣ አንድ ቃል አንነጋገርም፤ በግጭት ለተፈናቀለ ስናዋጣ ግን አስቀድመን ከየትኛው ወገን እንደሆነ እንጠይቃለን። የምንጠይቀው ለማወቅ ሊሆን ይችላል። እጃችንን ለመሰብሰብ ምክንያት ፍለጋም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን የሚለየው ከልብ በቀር ሌላ የለም።

ጥፋተኛን መፈለግ ኃጢአት ነው አልልም። ባለርስቱ፣ ሕጉ፣ ጦርነቱ፣ ረሃቡን የደበቀው ሹም ሁሉ ይጠየቁ፤ ካልተጠየቁ ረሃቡ ተመልሶ ይመጣል። ቅደም ተከተሉ ግን ይጠበቅ። ኒኮላስ ከሚንስ ዳኛ ነበር፤ መመርመር፣ መጠየቅ፣ መፍረድ ሥራው ነው። ሆኖም በዚያ ታኅሣሥ ወደ ስኪበሪን ሲነሣ አስቀድሞ ያዘጋጀው አምስት ሰው የሚሸከመው ዳቦ ነበር።